ሠላሳ ሁለተኛው ቤት

አንባቢዎቼ፣ ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት አንድ አመሌን ልናዘዝላችሁ። ያየሁትን ነገር ሳልቆጥር ማለፍ አልችልም። በአጥር ሥር ሳልፍ እንጨቱን፣ መስጊድ በር ላይ ስደርስ የተደረደረውን ጫማ እቆጥራለሁ። ሰው ሲያወራኝ ዝም ስል ትሕትና የሚመስላቸው አሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን የሰውየውን የኮት ቁልፎች እየቆጠርኩ ነው። ይህ አመል ማንንም አይጎዳም ብዬ አምን ነበር። ጣሊያን በአገራችን በነበረበት ዘመን ግን ወልቂጤ አጠገብ አንዲት ባልቴት በስንት ዓመት ያሳደጉትን እንሰት በአንድ ጠዋት ሊያስጨፈጭፍባቸው ምንም አልቀረውም። የምነግራችሁ የዚያን ሳምንት ነገር ነው፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ።

ሸምሱ እባላለሁ፤ የቡታጅራ ልጅ ነኝ። ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ትምህርት ቤት የሚባል ነገር ደጃፉን አልረገጥኩም። የአማርኛውን ፊደል ከአንድ ጨው ነጋዴ ጎረቤታችን ተማርኩ። የፈረንጁን ፊደል ደግሞ ከላምባ ቆርቆሮና ከፓስታ ሳጥን ላይ እየገለበጥኩ ብቻዬን ለመድኩት። ስለዚህ አጥርቼ የማውቃቸው የመጀመሪያዎቹ የጣሊያንኛ አባባሎች «በደረቅ ቦታ ይቀመጥ» እና «ተጠንቀቅ፣ ተሰባሪ ነው» የሚሉት ነበሩ። በእነዚህ በሁለቱ ከሰው ጋር ብዙ መጫወት አይቻልም።

ጣሊያኖች የጅማን መንገድ ሲሠሩ ወልቂጤ አጠገብ ሰፈር ነበራቸው። የመንገዱ ሠራተኛ በወባ እየወደቀ ሥራው ስለተጓተተ አንድ ወታደር ሐኪም ተላከ። ስሙን ትቼዋለሁ፤ እኛ ዶቶሬ እንለው ነበር። ረጅም፣ ከሲታ ሰው ነው። ጥይት አይፈራም ይሉታል፤ ቢምቢ ግን ይፈራል። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል እጅጌውን ይቆልፍና የሱሪውን ጫፍ ካልሲው ውስጥ ከትቶ አጎበሩ ውስጥ ይገባል፤ እራቱንም እዚያው ሆኖ ይበላል። እኔን የቀጠረኝ የጣላቸውን ባዶ ጠርሙሶች በቁመታቸው ሳሰልፍ አይቶኝ ነው።

ሥራዬ በመንገዱ አቅራቢያ ባለው መንደር ቤት ለቤት መዞር ነበር። በየቤቱ በር ላይ በኖራ ቁጥር እጽፋለሁ። ከዚያ በመዝገቤ ላይ ከቁጥሩ ጎን በቤቱ ስንት ሰው እንደሚያድር፣ ስንቱን እንዳተኮሰው፣ ኪኒኑን ማን እንደዋጠና ማን ጉንጩ ውስጥ እንደደበቀው፣ በቤቱ ዙሪያ የቆመ ውሃ ካለም ውሃው ትል እንዳለው እሞላለሁ። ከትሉ ቢምቢ፣ ከቢምቢው ወባ እንደሚመጣ ዶቶሬ ነግሮኛል። ቤቶቹ ሠላሳ አንድ ነበሩ።

መጀመሪያ ላይ ሥራው አስቸግሮኝ ነበር። ባገሩ ወግ ሰው አይቆጠርም። ስንት ናችሁ ብዬ ስጠይቅ «አላህ ያውቃል» ይሉኛል፤ እኔም አላህ ያውቃል ብዬ እንዳልጽፍ ዶቶሬ አይቀበለኝም። በኋላ መላ አገኘሁ። ጠዋት ጠዋት ከእንሰት የተሠራውን የመኝታ ጅባ ለማናፈስ ሲያወጡት ጅባውን እቆጥር ጀመር። ጅባ መቁጠር ነውር የለውም። ሌላው ችግር አባ ሸሪፍ ነበሩ። ቤታቸው ከመንገዱ ዳር ነው፤ አራት ቁጥር ደረሳቸው። ከላይ ያለው ባላንጣቸው አሥራ አራት መሆኑን የሰሙ ዕለት ጋቢያቸውን እየጎተቱ መጡና እሱ በምን በልጦኝ ነው አሥራ አራት የሆነው ብለው ያዙኝ። ቁጥር የመደዳ ነው እንጂ የክብር አይደለም ብዬ ብለምን አልሰሙኝም። ወባ ይዟቸው እየተንቀጠቀጡ እንኳ ኪኒኑን የሚውጡት «ለአራት ቁጥር የሚሰጠው ይኸው ነው?» እያሉ ነበር።

ያ ሰኞ ከዝናብ በኋላ ነው። ዳገቱ ላይ ካለው ከአሥራ ዘጠኝ ቁጥር ደረስኩ፤ የአዶት ዘይነባ ቤት ነው። አዶት በሰፈሩ ቋንቋ እናት ማለት ስለሆነ እኔም አዶቴ እላቸው ነበር። ባላቸው ሞተው፣ ልጃቸው ተድራ፣ ብቻቸውን ይኖራሉ። ምላሳቸው እንደ አዲስ የተሳለ ቢላ ነው። እንስራቸውን አየሁ፤ ንጹሕ ነው። የላሚቷን ኮቴ ፋና ሁሉ አየሁ፤ ትል የለም። ሌላ ሰው ቢሆን «የለም» ብሎ ጽፎ ይሄድ ነበር። እኔ ግን ከቤቱ ጀርባ እንሰቱን ሳይ የእያንዳንዱ ቅጠል ብብት፣ ቅጠሉ ከግንዱ የሚጋጠምበት ማለቴ ነው፣ ውሃ እንደቋጠረ ልብ አልኩ። በማንኪያ ቀዳሁ። ትል አለ። በአንዱ ብብት ብቻ ዘጠኝ!

ደስታዬን አትጠይቁኝ። ግማሽ ቀን እንሰቱ ውስጥ ስርመሰመስ ዋልኩ። የእንሰቱን ቁመት፣ የቅጠሉን ብዛት፣ በየብብቱ ያለውን ትል ለይቼ ጻፍኩ። አዶቴ ከደጃፋቸው ሆነው ሲያዩኝ ቆዩና እንሰቴን ልታገባት ነው እንዴ እንዲህ የምታገላብጣት አሉኝ። ማታውኑ በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ፣ ሥዕል ጨምሬበት፣ ማክሰኞ ለዶቶሬ ሰጠሁት።

ረቡዕ ጠዋት አስጠራኝ። አጠገቡ አስተርጓሚው ባሻ ተስፉ ቆሟል። ባሻ ዶቶሬን ተከትሎ የመጣ የሰሜን ሰው ነው፤ በዕድሜ ከእኔ ብዙ አይበልጥም፤ ሲበዛ ቃል ቆጣቢ ነው። ዶቶሬ ሥዕሌን ከፍ አድርጎ እያሳየ፣ እየተንጎራደደ፣ ደረቱን እየመታ ረጅም ንግግር አደረገ። ባሻ እስኪጨርስ ጠበቀና ወደ እኔ ዞሮ «ደስ ብሎታል» አለኝ። ዶቶሬ ቀጠለ፤ ከመጀመሪያው የረዘመ ነው። ባሻ አሁንም ጠበቀና፦

«ከየቤቱ እስከ አርባ እርምጃ ድረስ ያለው እንሰት ሁሉ ይቆረጣል። ቅዳሜ ጠዋት ከአሥራ ዘጠኝ ቁጥር ይጀመራል። ለሴትዮዋ ንገራት። እንኳን ደስ ያለህ።»

አርባ እርምጃ! የዚያ አገር እንሰት እኮ የሚተከለው ከቤት ጀርባ፣ የከብቱ ፍግ ከሚደፋበት ነው። ከአርባ እርምጃ ውጭ ያለው ግጦሽ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጀፎረው፣ ማለት ሰፊው የመንደሩ ሣር ጎዳና ነው። አርባ እርምጃ ማለት ሙሉውን ማለት ነው። ይህን ልናገር አፌን ከፈትኩ። የመጣልኝ «በደረቅ ቦታ ይቀመጥ» ብቻ ሆነና መልሼ ዘጋሁት። ዶቶሬ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ብራቮ አለኝ። የዚያን ቀን የተመታው ትከሻዬ እስከ ማታ ከበደኝ።

አዶት ዘይነባ ዘንድ ስደርስ ጣውላቸው ላይ በቀርከሃ መፋቂያ እንሰት ይፍቁ ነበር። ቀና ብለው አዩኝና ዛሬ ምን ልትቆጥርብኝ መጣህ አሉ። «ምላሴን ቁጠራት፤ ሰው ሁለት ናት ይላል እንጂ አንዲት ናት» አሉና ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። የመጣብኝን ሳላሳጥር፣ ሳላስረዝም ነገርኳቸው። መፋቂያውን አስቀመጡ።

«ለመሆኑ እንሰቴ ትል አለው ብሎ ማን ነገራቸው?»

«እኔ ነኝ፣ አዶቴ።»

ይጮሁብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልጮሁም። ተነሡና ተከተለኝ አሉኝ። በእንሰቱ መሐል እየመሩ አንዷን ባንዷ አሳዩኝ። ይቺ የመጪው ዒድ ናት። ይቺኛዋ ልጃቸው እምድብር በኩል ተድራ አርግዛለችና ስትወልድ ቡላዋ ለአራሷ ገንፎ ይሆናል። እነዚህ አራቱ የዓመቱ ቆጮ ናቸው። በመጨረሻ ግንዷን ሁለት ሰው ተያይዞ የማያቅፋት አንዲት ትልቅ እንሰት ጋ ደረስን። እጃቸውን ጣል አደረጉባት።

«ይቺ የቀብሬ ናት» አሉ። «እኔን ሊቀብር የመጣ ሰው ጦሙን አይሄድም። እሷን ከቆረጡ እኔ በምን ልሙት? መሞትም ሊከለክሉኝ ነው?»

ይህን ሲሉ በግማሽ እየቀለዱ ነው፤ ግማሹ ግን ቀልድ አልነበረም። ከዚያ የጻፍከውን አንብብልኝ አሉ። አነበብኩላቸው። ዘጠኝ ትል የሚለው ላይ ስደርስ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አጥፋው።»

«ቀለም ነው አዶቴ፤ ቢፋቅ ያስታውቃል። ግልባጩም እሱ ዘንድ ነው።»

«እንግዲያስ ጨምርበት።»

«ምን ልጨምር?»

«እኔ ምን አውቄ፤ ቆጣሪው አንተ። የኔን ትል አንድ ባንድ ለቅመህ ቆጥረሃል። እነሱ ለመንገዳቸው አፈር ያወጡበት ጉድጓድስ? አባ ሸሪፍ ደጅ ያለው? እንቁራሪቱ እኮ እዚህ ዳገት ድረስ ይሰማል።»

ጉድጓዱ ቤት ስላልሆነ በመዝገቤ ውስጥ ቦታ የለውም አልኳቸው። አዶት ዘይነባ በአዘኔታ አዩኝ።

«ቁጥር የሌለው ነገር አይናከስም ማለት ነው?»

አንባቢዎቼ፣ ሦስት ወር ሙሉ በየቀኑ ሁለት ጊዜ በዚያ ጉድጓድ አጠገብ አልፌያለሁ። እንዳልወድቅበት ዳር ዳሩን ስረግጥ ስንት እርምጃ እንደሆነ ሁሉ አውቃለሁ፤ ሃያ ስድስት ነው። አንድ ቀን ግን ጎንበስ ብዬ አላየሁትም። መዝገቡ የሚጠይቀኝ ስለ ቤት ነው፤ እኔም የተጠየቅኩትን በትክክል ስለመለስኩ ሁሉን ያወቅኩ ይመስለኝ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ማንኪያዬንና ሁለት ባዶ ጠርሙስ ይዤ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተንበረከክሁ። ሁለት መቶ ትል ቆጥሬ ተውኩት። በሕይወቴ የጀመርኩትን ቁጥር ሳልጨርስ የተውኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ወደ አዶት ዘይነባ እንሰት ሄጄ ሁለተኛውን ጠርሙስ ሞላሁና ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ አየኋቸው። ተለያዩብኝ። የእንሰቱ ትሎች ጭራቸውን ውሃው ፊት ላይ አስነክተው ራሳቸውን ወደ ታች ዘቅዝቀው ይንጠለጠላሉ። የጉድጓዱ ትሎች ደግሞ እንደ ተቆረጠ የጤፍ ጭድ ውሃው ፊት ላይ ጋደም ብለው ይንሳፈፋሉ። አንዱም ወገን ያንዱን አቀማመጥ አይሠራም። አርባ አርባውን አየሁ፤ አንድም የተሳሳተ የለም።

ይህን እያየሁ የዶቶሬ ድንኳን ውስጥ የተሰቀለው ሥዕል ትዝ አለኝ። በየጠዋቱ አቧራውን የማራግፈው እኔ ነኝ። ሁለት ቢምቢዎች ተስለውበታል፤ አንዱ ግድግዳ ላይ ጎበጥ ብሎ ሰውነቱን አጋድሞ ይቀመጣል፤ ሌላው ቂጡን ወደ ላይ ሰቅሎ፣ ራሱን ደፍቶ፣ እንደ ተተከለ ምስማር ይቆማል። በሁለተኛው ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ተደርጎበታል። ሦስት ወር አቧራ አራግፌለት ለምን ቀይ እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም።

እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ሆነ፤ ወባ የሚያመጣው ቀይ ምልክት የተደረገበት መሆን አለበት። እነዚህ ትሎች ከቅዳሜ በፊት ክንፍ አውጥተው መቀመጥ አለባቸው። ማን እንዴት እንደሚቀመጥ ዶቶሬ በዓይኑ ካየ እንሰቱ ይተርፋል። ካልፈለፈሉ ግን እኔ የያዝኩት ሁለት ጠርሙስ ቆሻሻ ውሃ ነው።

ለጠርሙሶቹ ክዳን አስፈለገ፤ አየር የሚያስገባ፣ ቢምቢ የማያስወጣ፣ የሚያሳይም። እንዲህ ያለ ጨርቅ በወልቂጤ አንድ ቦታ ብቻ ነበር። ዶቶሬ ሊታጠብ ሲሄድ ድንኳኑ ገባሁና ከአጎበሩ በእግሩ በኩል ቁመቱ ሁለት ስንዝር፣ ወርዱ አንድ ስንዝር ቆረጥኩ። ቀዳዳውን በቃጫ ሰፋሁት፤ ሃያ ሁለት ጥልፍ። ስፌቴ ለእኔ ጥሩ መስሎኝ ነበር።

ጠርሙሶቹን ይዤ ወደ አዶት ዘይነባ ቤት ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ጨመርኩ። ከጉድጓዱ ዳር እንጨት ተከልኩና በኖራ 32 ብዬ ጻፍኩበት። በመዝገቤም ከሠላሳ አንድ ቀጥሎ መሙላት ያለበትን ሁሉ ሞላሁ።

ጁምዓ ዕለት ጠርሙሶቹ አዶት ዘይነባ ቤት፣ ሙቀት እንዲያገኙ ከምድጃው አቅራቢያ ጅባ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከትሎቹ መካከል የጎበጡ፣ ራሳቸው የወፈረ አንዳንድ ነበሩ። እኔ የታመሙ መስለውኝ ላወጣቸው ስል አዶቴ እጄን ያዙኝ። እነዚህ መብላት ትተዋል፤ መብላት የተወ ከብት ወይ ሊሞት ነው ወይ ሊወልድ፤ ተዋቸው አሉኝ። ከሶላት የተመለሰው ሰው ሁሉ ወሬውን ሰምቶ መጣ። እንሰታቸው የተፈረደበት እነሱም ናቸውና እንደ ለቅሶ ቤት ዙሪያውን ተቀመጡ። ለሁለት ጠርሙስ ይህን ያህል እንግዳ አላየሁም። አባ ሸሪፍ ከጉድጓዱ ጠርሙስ አንዷን ጎባጣ በጣታቸው መርጠው፣ ያቺ የእኔ ደጅ ልጅ ናት፣ የኔን ደም ጠጥታ ያደገች ስለሆነች አታሳፍረኝም አሉ።

ከዐሥር ሰዓት በኋላ የእንሰቱ ጠርሙስ ውስጥ አንዷ ጎባጣ ጀርባዋ ተሰነጠቀ። ከውስጧ ቢምቢ ብድግ አለች፤ ለጥቂት ጊዜ የገዛ ቅርፊቷ ላይ ቆማ ደረቀችና በርራ መስተዋቱ ላይ ተለጠፈች። ጎበጥ ብላ፣ ሰውነቷን አጋድማ። የአዶቴ እንሰት ንጹሕ ነበር ማለት ነው። ቤቱ በሙሉ አልሐምዱሊላህ አለ። የጉድጓዱ ግን አንዷም ንቅንቅ አላለችም። ፀሐይ ገባ፤ ሰው አንድ ባንድ ወጣ። አባ ሸሪፍ የተመረጠችውን ጎባጣ ገላምጠዋት ሄዱ።

ሌሊቱን በሐሳብ ሳልተኛ አደርኩ ብዬ አላታልላችሁም፤ ተኝቻለሁ። ጠዋት አዶት ዘይነባ በእግራቸው ነካ አድርገው ቀሰቀሱኝና ጠርሙሱን አሳዩኝ። የጉድጓዱ ጠርሙስ ውስጥ ሦስት ባዶ ቅርፊት ይንሳፈፋል። ሁለት ቢምቢ ውሃው ላይ ሞተዋል። አንዲት ብቻ በሕይወት ቀርታ ከላይ መረቡ ላይ ተጣብቃለች። እንዴት እንደተቀመጠች ላይ ስል በውጭ የሰው ድምፅ ተሰማ።

አሥራ ሁለት ሠራተኞች ከአለቃቸው ጋር ቆንጨራ ይዘው፣ ሁለት አስካሪ ወታደሮች ጠመንጃ ይዘው መጥተዋል። ዶቶሬ በበቅሎ ነው፤ ባሻ በእግሩ ይከተለዋል። መንደርተኛው ሁሉ ከጀፎረው ወዲህ ቆሟል። አዶት ዘይነባ ከእኔ ቀድመው ወጡና ወደ ትልቋ እንሰት ሄደው ጀርባቸውን ደገፍ አደረጉባት። የመጀመሪያው ሠራተኛ የአካባቢው ልጅ ነው፤ ቆንጨራውን ይዞ አያቸው፣ ቀጥሎም መሬት መሬት አየ።

ተናገር ተናገር አለኝ፤ የምናገርበት ጣሊያንኛ ግን አልነበረኝም። ስለዚህ መዝገቡን ገልጬ ለባሻ ሰጠሁት። ባሻ አነበበ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«አብደሃል?» አለኝ በሹክሹክታ። «ይህን ለእሱ ላንብብለት?»

የጻፍኩት ይህ ነበር፦ «ቤት ቁጥር 32። ባለቤት፦ መንገድ ሠሪው መንግሥት። የሚያድር ሰው፦ የለም። ጅባ፦ የለም። ትል፦ ሁለት መቶ፤ ከዚያ ወዲያ ቆጣሪው ደክሞታል።» በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ነገር ሰው ሲገረፍ አይቻለሁ። ስጽፈው ግን ለድፍረት ብዬ አይደለም፤ የባለቤት ስም የሚሞላበት ቦታ ባዶ እንዲቀር ስላልፈለግሁ ነው።

ባሻ መዝገቡን ከደነና ወደ ሰማይ ተመለከተ። ዶቶሬ ምን እንደሆነ ይጠይቃል፤ ባሻ ያስላል። ሠራተኞቹ ላይ አለቃቸው ጮኸ፤ የመጀመሪያው ቆንጨራ ከዳር ባለችው፣ በዒዷ እንሰት ላይ አረፈ። ቅጠሏ ተንኮታኩቶ ሲወድቅ ሰማሁ። ያኔ እግሬ ሄደ። ጠርሙሱን በሁለት እጄ አቅፌ በቅሎዋ ፊት ቆምኩና በሕይወቴ ጮክ ብዬ የተናገርኩትን የመጀመሪያ ጣሊያንኛ ተናገርኩ፦

«ተጠንቀቅ! ተሰባሪ ነው!»

ዶቶሬ ደነገጠ። ግን ትእዛዙ የገባው ሰው ሆነ፤ ጎንበስ አለና ጠርሙሱን እንደ ሕፃን በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ስንቀሳቀስ ቢምቢዋ ተነሥታ በጠርሙሱ ውስጥ ትበር ጀመር። አንዴ ከታች፣ አንዴ ከላይ፣ ዞረች። አባ ሸሪፍ ከኋላዬ ቀስ ብለው ተቀመጪ ልጄ፣ ተቀመጪ ይላሉ። ቆንጨራዎቹ እንደተሰነዘሩ ቆመዋል። በመጨረሻ መስተዋቱ ላይ አረፈች። ራሷን ደፋች፤ ቂጧን ወደ ሰማይ ሰቀለች፤ እንደ ተተከለ ምስማር ቀጥ አለች።

ዶቶሬ ማጉያ መነጽሩን ከኪሱ አውጥቶ ረጅም ጊዜ አያት። ሁለተኛውን ጠርሙስ አቀበልኩት፤ እሱንም አየ። ከበቅሎዋ ወርዶ መዝገቡን ከባሻ እጅ ነጠቀና ራሱ ገለጠው። ፊደሉን ባያነብም ቁጥሩን ያነባል። ከአንድ እስከ ስምንት ያሉት የመንገድ ዳር ቤቶች ያተኮሳቸው በሚጻፍበት ቦታ ተሞልተዋል። አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ጋ ጣቱ ቆመ። ሦስት ወር ሙሉ ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ ነው። ይህ ሁሉ ከትሉ በፊት እኔው ራሴ በእጄ የጻፍኩት ነው፤ ጽፌው አላነበብኩትም ነበር። ከዚያ የመጨረሻው መስመር ጋ ደረሰ። 32 የሚለውን አየ፤ ቀና ብሎ በሩቅ ጉድጓዱ ዳር የተከልኩትን እንጨት አየ።

ቀጥሎ ያደረገውን አልጠበቅኩም። የጠርሙሱን ክዳን በጣቱ ዳሰሰ። አሸት አሸት አደረገው። ጎንበስ ብሎ ካልሲውን ዝቅ አደረገና ቁርጭምጭሚቱን አሳየኝ። ከላይ እስከ ታች በቢምቢ ተበልቷል። እኔም ሳላስበው ቆጠርኩት፤ አሥራ ሰባት ቦታ ነው።

ከዚያ ተናገረ። ባሻ ከዚያ በፊት ከተረጎመው ንግግር ሁሉ የረዘመ ነበር። እጁን ወደ ጉድጓዱ፣ ወደ እኔ፣ ወደ እግሩ፣ ወደ አለቃው ወረወረ። ሲጨርስ ሁሉም ወደ ባሻ ዞረ።

«ቆንጨራውን መልሳችሁ አካፋ አምጡ። ጉድጓዱ ይደፈናል» አለ ባሻ። ወደ እኔም ዞሮ፣ «አንተ ደግሞ አጎበሩን በደንብ ስፋ።»

አዶት ዘይነባ ከእንሰታቸው ሳይነሡ ሰውየው ያን ሁሉ ተናግሮ ይኸው ብቻ ነው ወይ አሉት። ባሻ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

«የቀረው ስድብ ነው እናቴ።»

ጉድጓዱን ለመድፈን አራት ቀን ፈጀ። ሲደፈን አባ ሸሪፍ ዳር ቆመው ተመለከቱና ሠላሳ ሁለትን ያህል ቁጥር ለጉድጓድ ከሰጠህ ለእኔ ብትሰጠኝ ምን ነበር ብለው ተቀየሙኝ። የተከልኩትን እንጨት ነቅለው ወስደው ደጃቸው ላይ አቆሙት። በመዝገቤ እስከ መጨረሻው አራት ነበሩ፤ በሰፈሩ ግን ሠላሳ ሁለት ሆነው ቀሩ። ወባውም ያን ክረምት እንደ ወትሮው አልጎበኛቸውም።

ሁሉም ሰው አተረፈ እንዳልላችሁ አንድ ነገር ይቀረኛል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ዶቶሬን ወባ ጣለው። ሃያ ሁለት ጥልፌ በቂ አልነበረም። የዶቶሬን ድንኳን ሠላሳ ሦስት ቁጥር ብዬ መዝግቤ፣ «የሚያድር ሰው፦ አንድ፤ ያተኮሰው፦ አንድ» ብዬ ጻፍኩ። ኪኒኑን ሳቀብለው ራሱ እንዳስተማረኝ አፉን አስከፍቼ ጉንጩን አየሁ፤ ደብቆት ነበር። ዳነ። ከዚያ በኋላ እኔን ሲያይ ዓይኑ ወደ ቁርጭምጭሚቱ ይሄድ ነበር። መንገዱ ለእኛ ተብሎ እንዳልተሠራ፣ ኪኒኑም ለሠራተኛው ጉልበት እንጂ ለአባ ሸሪፍ ፍቅር እንዳልመጣ አውቃለሁ። ቢሆንም አጎበሩን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ይህም መመዝገብ አለበት።

አንባቢዎቼ፣ ጣሊያን ከወጣ በኋላም ሥራዬ ይኸው ሆኗል። ኪኒኔን ይዤ በወልቂጤና በቡታጅራ ገጠር ቤት ለቤት እዞራለሁ። መዝገቤ ከድሮው አንድ መስመር ይበልጣል። በዚያ መስመር የምጽፈው ማንም ያልጠየቀኝን ነው። ቤት ገብቼ የሚሞላውን ሁሉ ስጨርስ እቀመጥና ባለቤቲቱን፣ እኔ ሳላይ ያለፍኩት ምን አለ እላቸዋለሁ። ብዙ ጊዜ ይስቁብኛል። አንዳንድ ጊዜ ግን እጄን ይዘው ወደ አንድ ጉድጓድ ይወስዱኛል። እናንተም ሥራችሁ ምንም ይሁን ምን፣ የተጠየቃችሁትን በትክክል መልሳችሁ ደስ ባላችሁ ቀን አንድ ባዶ መስመር ጨምሩ እላችኋለሁ።

ባለፈው ዓመት አዶት ዘይነባ ላኩብኝ። ስደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል፤ ቆጮው፣ ጎመኑ፣ ክትፎው ቀርቧል። ልቤ ደንግጦ ዙሪያውን ሳይ ትልቋ እንሰት ቦታዋ ላይ የለችም። እሳቸው ግን ጤናቸው ተሟልቶ መሐል ተቀምጠው ሰው ያዛሉ።

«አዶቴ፣ ይቺ የቀብርዎ አልነበረችም?» አልኳቸው።

«ነበረች። አበባ ልታወጣ ሆነ፤ ካበበች ለምግብ አትሆንም። እኔ መሞት ዘገየሁ፤ እሷ ደግሞ አልጠብቅ አለች። ብላ።»

በላሁ። ከምሳ በኋላ እጄን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝና ከጉልበቴ የማትበልጥ አዲስ ችግኝ አሳዩኝ። የሚቀጥለው ቀብራቸው ናት። ለመድረስ ስንት ዓመት ይፈጅባታል ብዬ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ፊቴን አይተው ቀደሙኝ።

«እሷን አትቁጠራት» አሉኝ።

ለመጀመሪያ ጊዜ መዝገቤን ሳልገልጥ ከዚያ ግቢ ወጣሁ።